የጎነደልኳቸው ቡናዎች

ሸዋ ቤንች
መስከረም 15 ቀን 1990 ዓ.ም.

ልጄ ንጋቷ፣

ደብዳቤሽ ለመስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው በሾፌሩ በከድር እጅ ደረሰን። እናትሽ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። በሁለተኛው ላይ «ቃል እየዘለልክ ነው» ብላ ተቆጣችኝ። አልዘለልኩም፤ ድምፄ እየተቆረጠ ነው ያስቸገረኝ። ጉንፋን ነበር፣ አሁን ለቆኛል።

እግሬን ጠይቀሻል፤ ቁስሉ ደርቋል። ክረምቱን ለልምምድ እዚያው ጅማ በመቅረትሽ ቅር ብሎን እንደሆነ ጠይቀሻል፤ እናትሽን ትንሽ ቅር ብሏታል፣ እኔን አላለኝም። የጎረቤታችንን የማቴዎስን ቤተሰብም ጠይቀሻል፤ ደህና ናቸው።

በየካቲት ዕረፍትሽ መጥተሽ ግንዳቸውን ከታች ቆርጠሽ ስለጎነደልሻቸው ሃያ አራት ቡናዎችም ጠይቀሻል። ሚያዝያ ላይ ከተቆረጠው ግንድ ሥር ቀንበጥ እንዳወጡ ያን ጊዜውኑ ጽፌልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ዝናቡ ከበደ፤ ጭቃው ወደ ታችኛው ማሳ አላስወርድ አለኝ። ሌላ ጊዜ አይቼ እጽፍልሻለሁ።

አሁን በተራዬ ልጠይቅሽ። ቡና ስንት ዓመት ይኖራል? የሚሞተውስ በምን ምክንያት ነው? ሠላሳ ዓመት ቡና ለቅሜ ይህን አለማወቄ እኔንም ገርሞኛል። በ1960 ከጎጃም ለመንገድ ሥራ መጥቼ እዚሁ ስቀር የተከልኳቸው ዛሬም አሉ። ሲያረጁ አይቻለሁ፤ ፍሬያቸው ያንሳል፣ ግንዳቸው ይረዝማል። ሲሞቱ ግን አላየሁም። ዘንድሮ አንዳንዶቹ ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ ይረግፋል፣ የቅርንጫፋቸው ጫፍ ይጠቁራል። እናትሽ «እንደኛው አርጅተው ነው» ትላለች። እኔን ያልገባኝ ከአሮጌዎቹ አጠገብ ያለ የአምስት ዓመት ቡናም መድረቁ ነው። የአምስት ዓመት ነገር በእርጅና ይሞታል?

ሳትውዪ ሳታድሪ መልሽልኝ። ፈተና ካለሽ ግን ፈተናሽ ይቅደም።

አባትሽ ከፈለኝ


ጅማ
መስከረም 27 ቀን 1990 ዓ.ም.

አባባ፣

ሳትውዪ ሳታድሪ ብለኸኝ ይህን ያህል ቀን በማቆየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ፈተና አልነበረኝም። መልሱን አውቃለሁ ብዬ ስጀምር የማላውቀው እየበዛብኝ ነው የቆየሁት። ጥያቄህን ለመምህሬ ለጋሽ ይሄይስ አነበብኩላቸው። «አባትሽ የጠየቁት እኔም ሙሉ መልስ የሌለኝን ነገር ነው» አሉኝ።

የማውቀውን ልንገርህ። በቆሎን አስብ። ዕድሜዋ ፍሬዋን እስክታደርስ ነው፤ ማንም ባይነካት፣ ዝናብም ባያጥራት ትደርቃለች። እንሰትም እንደዚያው ነው። በጋሽ ማቴዎስ ጓሮ ትልቁ እንሰት ያበበ ጊዜ ባለቤታቸው ዲቦራ «ቶሎ ካልነቀልነው ባዶ ይሆንብናል» ብለው ሲጣደፉ ትዝ ይለኛል። አበባው ከሥር የተጠራቀመውን ምግብ ሁሉ ወደ ላይ ስቦ ይጨርሰዋል። አንዴ ያብባል፣ ያፈራል፣ ያበቃል። የእንሰት ሞት ከራሱ ከውስጡ የሚመጣ ነው።

ቡና ግን በየዓመቱ አፍርቶ በየዓመቱ ይተርፋል። የሚያረጀው እንጨቱ ነው። ግንዱ ሲረዝምና ሲወፍር ቅጠሉ የሚሠራው ምግብ ያንን ሁሉ እንጨት ለመቀለብ ይውላል፣ ለፍሬ የሚተርፈው ያንሳል። ከግንዱ በታች በኩል ግን ተኝተው የሚኖሩ እንቡጦች አሉ። አሮጌውን ግንድ ስትቆርጠው እነሱ ይነቃሉ፤ ባረጀ ሥር ላይ ወጣት ዛፍ ይቆማል። የጎነደልናቸውም ለዚሁ ነው። ቡና እየታደሰ ከተከለው ሰው በላይ ሊኖር ይችላል አባባ።

ቅጠልም እንደ አሟሟቷ ትለያያለች። በዕድሜዋ የምትረግፍ ቅጠል ቢጫ የምትሆነው ያላትን ምግብ ለግንዷ እየመለሰች ስለሆነ ነው፤ አስረክባ ነው የምትወርደው። ታማ የምትሞተው ግን ምንም ሳትመልስ ጠውልጋ፣ ተጠቅልላ ትቀራለች።

የአምስት ዓመቱ ቡና ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። እሱ በእርጅና አይሞትም። ስንት ደረቁ? በየትኛው ማሳ? ከታመመው አንዱን መርጠህ ከመሬት ከፍ ብሎ ያለውን ልጥ በቢላዋ ፋቅ አድርገው። ከልጡ ሥር ያለው እንጨት ነጭ ነው ወይስ ቀለም አለው? ክንድ የሚያህል ቆርጠህም በከድር ላክልኝ።

የጎነደልናቸውን ደግሞ እባክህ ውረድና እያቸው። ጭቃውም አሁን ይቀንሳል።

ልጅህ ንጋቷ


ሸዋ ቤንች
ጥቅምት 11 ቀን 1990 ዓ.ም.

ልጄ ንጋቷ፣

የጻፍሽውን ለእናትሽ ሳነብላት ስለ ቅጠሏ የሚለው ጋ ስደርስ ተነሥታ ወጣች። ከዚያ ተመልሳ «ልጃችን ተምራለች» አለችኝ። ይህን እንድትሰሚው ብዬ ነው።

ለጠየቅሽው፦ ሠላሳ አንድ ደርቀዋል። አብዛኞቹ በታችኛው ማሳ ናቸው። እንዳልሽው ልጡን ፋቅሁት። ነጭ አይደለም፤ ሻይ እንደፈሰሰበት ጨርቅ ነው፣ ወደ ላይም መስመር ይዞ ይሄዳል። በኮባ ጠቅልዬ ሁለት ቁራጭ ልኬልሻለሁ። ከድር መኪናው ውስጥ ከሱ አጠገብ እንዲያደርገው ነግሬዋለሁ፤ ከላይ ከጭነቱ ጋር ፀሐይ ይመታዋል።

ሌላ የምጠይቅሽ አለ። ጨው ወይም ናፍጣ ወይም የባትሪ አሲድ ሥሩ ላይ ቢፈስ እንጨቱን እንዲህ ያደርገዋል? በምርመራ ይለያል? ከተለየስ ኮሌጃችሁ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጣል? ሰው እጁን አስገብቶ እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ነው፤ በሐሳብሽ ብዙ አታብዢው።

የማቴዎስን ልጅ የሚርያምን ሠርግ ቀን በከድር በኩል ጠይቀሽኛል። አልሰማሁም። ሰሞኑን አልተገናኘንም።

አባትሽ ከፈለኝ


ጅማ
ጥቅምት 28 ቀን 1990 ዓ.ም.

አባባ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ካጠፋሁ ይቅር በለኝ።

ትናንት ከድር ግቢያችን በር ላይ አስጠርቶኝ የእማማን ቆሎ ሰጠኝ። ሊሄድ ሲል «የማቴዎስ ነገር አላለቀም?» አለኝ። «የምን ነገር?» አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። «እኔ የምታውቂ መስሎኝ ነው» ብሎ ወደ መኪናው ሊገባ ሲል እጁን ያዝኩት። ቡናችንን መርዞ አድርቆብናል ብለህ እንደከሰስካቸው፣ ሳምንት ሙሉ ፖሊስ ጣቢያ እንዳሉ ነገረኝ።

ናፍጣና ጨው ብለህ የጠየቅከኝ ለዚህ ነበር? ለማወቅ ብቻ ነው ብለኸኝ ነበር።

የላክኸውን እንጨት ጋሽ ይሄይስ አይተውታል። በመርዝ የሞተ አይመስላቸውም። እርግጠኛ ለመሆን ከእንጨቱ ውስጥ ያለውን በሳህን ላይ አሳድገው ማየት አለባቸው፤ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ክሱን አቆየው፤ «ምርመራ እየጠበቅሁ ነው» ብትል ማን ይቆጣሃል? ጋሽ ማቴዎስ የመጀመሪያውን ችግኝ ከጫካ አውጥተው የሰጡህ ሰው ናቸው። ይህን የነገርከኝ አንተው ነህ።

አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁህ፣ ሁለቱንም ጊዜ አለፍከኝ። የጎነደልኳቸው ቡናዎች እንዴት ናቸው? ቀድመው የደረቁት እነሱ ናቸው? እውነቱን ጻፍልኝ።

ንጋቷ


ሸዋ ቤንች
ኅዳር 5 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለንጋቷ፣

ሾፌር የሚያወራውን ሰምተሽ አባትሽን መርማሪ ሆንሽበት። የላክሁሽ ለትምህርት ነው፤ ለሽምግልና አልላክሁሽም።

ለምን ከሰስከው ላልሽኝ፣ ያየሁትን አይቼ ነው። ሐምሌ ውስጥ ጀሪካን ይዞ በታችኛው ማሳዬ መሐል ሲሄድ አይቼዋለሁ፤ አንድ ቀን ብቻም አይደለም። በድንበሩ ቦይ የተጨቃጨቅነው ሰኔ ላይ ነው። በነሐሴ ቡናዬ መድረቅ ጀመረ። ፖሊሱ ሲጠይቀው ዝም አለ። ንጹሕ ሰው ዝም ይላል? ዋስ ጥራና ውጣ ቢሉትም «ያላደረግሁትን በምን ዋስ እጠራለሁ» ብሎ እዚያው ተቀምጧል። ይህ ግትርነት ነው።

የማቴዎስ ቡና አለመለቀሙን ከድር ነግሮሽ እንደሆነ እውነት ነው። ዲቦራ ብቻዋን ትለቅማለች፣ ግን አልደረሰችበትም፤ የቀላው ዛፉ ላይ ደርቆ መሬት እየወረደ ነው። እኔም የሚያስደስተኝ አይደለም።

እናትሽ አታናግረኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ትወጣለች። ትናንት የማቴዎስን ቡና ልትለቅም ቅርጫት ይዛ ሄደች። አልከለከልኳትም።

ውጤቱ ሲወጣ ላኪልኝ። ለሌላው ጥያቄሽ አሁን ጊዜ የለኝም።

አባትሽ


ጅማ
ኅዳር 13 ቀን 1990 ዓ.ም.

አባባ፣

ውጤቱ ወጥቷል። መርዝ አይደለም። ሻጋታ ነው፤ እዚህ የቡና ግንድ አድርቅ ይሉታል። በቁስል በኩል ይገባል። ከሥር ወደ ላይ ውሃ በሚሄድባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እያደገ ይደፍናቸዋል። ዛፉ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በጥም ይሞታል። ያየኸው የሻይ ቀለም እሱ ነው። የዛፉ ዕድሜ አይገደውም፤ ለዚህ ነው የአምስት ዓመቱም የሞተው።

ጋሽ ይሄይስ ውጤቱን ካሳዩኝ በኋላ «በዚያ ማሳ በቅርብ የተቆረጠ ነገር አለ?» አሉኝ። «እኔ ጎንድያለሁ» አልኳቸው። «መጋዙን ከዛፍ ወደ ዛፍ ስታልፊ በእሳት ለብልበሽው ነበር?» አሉኝ።

አልለበለብኩትም። ከጫካው ጥግ በኩል አንድ የደረቀ ቡና እንደነበረ ታስታውሳለህ። ለማገዶ ይሆናል ብዬ መጀመሪያ እሱን በመጋዙ ቆረጥኩት። ያረጀ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በዚያው መጋዝ ወደኛ ቡናዎች ገባሁ፤ ሃያ አራቱንም በአንድ ቀን ጨረስኩ። አንተ ከኋላዬ ቆመህ «ልጄ እንዳስተማሯት ነው የምትቆርጠው» ትል ነበር። ያስተማሩኝ ግን አሳጥሮ መቁረጡን ብቻ ነበር። ስለ በሽታው የተማርኩት ከተመለስኩ በኋላ፣ ግንቦት ላይ ነው። ማስታወሻዬን ገልጬ አየሁት። «መሣሪያውን ከዛፍ ወደ ዛፍ በእሳት ማሳለፍ» ብዬ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ፤ ከሥሩም አስምሬበታለሁ። ስጽፈው ስለ እኛ ማሳ ትዝ አላለኝም።

ቡናውን ያደረቅሁት እኔ ነኝ አባባ። ጋሽ ማቴዎስ አይደሉም።

ከዚህ የባሰም አለ። በማግስቱ አንተው ይዘኸኝ ሄደህ «የናንተንም ትጎንድልላችሁ» ብለሃቸው ከእሳቸው ቡና ስምንት ጎንድያለሁ፣ በዚያው መጋዝ። እስካሁን ደህና መስለው ይሆናል። በሽታው ከገባ በኋላ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። ልጡን ፍቀው እንዲያዩ ንገራቸው።

ከዚህ ጋር ማኅተም ያለበት ወረቀት አለ። ዛሬውኑ ጣቢያ ውሰደው። የደረቁትን ሳትጎትቱ እዚያው ባሉበት ነቅላችሁ ከነሥራቸው አቃጥሉ። በአጠገባቸው ያሉትንም ፍቃችሁ እዩ። ቦታው ላይ ሁለት ዓመት ቡና አትትከሉ። ገጀራውንም መቆፈሪያውንም በእሳት አሳልፉ።

ለጋሽ ማቴዎስ መንገር ካቃተህ ጻፍልኝ፤ ትምህርቴን አቋርጬ መጥቼ እኔ እነግራቸዋለሁ።

ንጋቷ


ሸዋ ቤንች
ኅዳር 25 ቀን 1990 ዓ.ም.

ልጄ፣

ትምህርትሽን አታቋርጪ። ነግሬዋለሁ። እንዴት እንደነገርኩት ስለምትጠይቂኝ ሁሉንም ልጻፍልሽ፤ ከድርም ሆነ ሌላ ሰው ሳይነግርሽ ከእኔ ስሚው።

ወረቀቱ የደረሰኝ ኅዳር አሥራ ሰባት ጠዋት ነው። አንብቤ ስጨርስ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። እናትሽ ወጥታ አየችኝ። «አነበብከው?» አለችኝ። «አዎ።» «ታዲያ ምን ያስቀምጥሃል?» ከአንድ ወር ወዲህ ያናገረችኝ ያን ቀን ነው።

ጣቢያው ወረቀቱን ተቀብሎ ክሱን መተዌን አስፈረመኝ። ማቴዎስ ከተያዘ ሃያ ሰባት ቀን ሆኖት ነበር። ሲወጣ ጢሙ አድጎ፣ ልብሱ ሰፍቶት ነበር። ሊያየኝ አልፈለገም። ከኋላው ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ ተከተልኩት። እስከ ቤቱ ዞር አላለም።

አሁን ሦስት ጊዜ ጠይቀሽኝ ላለፍኩሽ ጥያቄ ልመልስልሽ። አዎ፤ ቀድመው የደረቁት አንቺ የጎነደልሻቸው ናቸው። ሐምሌ ላይ ቀንበጣቸው ጠወለገ። ነሐሴ ሲገባ ከሃያ አራቱ አሥራ ዘጠኙ ደርቀው ነበር። አይቻቸዋለሁ። ጭቃው አላስወርድ አለኝ ያልኩሽ ውሸት ነው፤ በየቀኑ እወርድ ነበር። ምናልባት ከልክ በላይ አሳጥረሽ ቆርጠሻቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። ያኔ ሐሳቤን ወደዚያ እንዳይሄድ ከለከልኩት። በአንቺ ከማላክክ በሌላ ሰው ማላከክ ቀለለኝ። ጀሪካኑ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ባየሁት ቀን ምንም አልመሰለኝም ነበር።

ከእናትሽ ጋር ቤቱ ገባን። ዲቦራ ወንበር ሰጠችን፣ ማቴዎስ ግን ቆሞ ቀረ። «አጥፍቻለሁ» አልኩት። የወረቀቱን ነገር ነገርኩት፤ መጋዙን፣ ሻጋታውን። ስምንቱ ቡናዎች ጋ ስደርስ እናትሽ ጨረሰችልኝ።

ያን ጊዜ ቢላዋ አንሥቶ ወጣ። ተከተልነው። ስምንቱንም አንድ በአንድ ፋቃቸው። አምስቱ ውስጣቸው ቀለም ይዟል። ከላይ ቀንበጣቸው ደህና ነበር፤ የሚያምር ቅጠል። በስድስተኛው ላይ ቢላዋውን ዘርግቶልኝ በእጄ ላይ ያለውን ችቦ ጠቁሞ «በእሳት አሳልፈው አላልክም?» አለኝ። ለዚሁ ብዬ ይዤ የመጣሁትን እኔው ረስቼው ነበር።

ሲጨርስ «ጀሪካኑ ውሃ ነው» አለ። «ከምንጩ ነው የምቀዳው። አንተ ከመምጣትህ በፊትም በዚያ ነው የምሄደው።» ይህን ብቻ።

«ሽማግሌ ልላክ» አልኩት። እምቢ አለ። «ወረቀት አልፈልግም፣ ሽማግሌም አልፈልግም። የቆረጠችው ልጅህ ናት። መጥታ እሷ ትንገረኝ» አለ።

ልጄ፣ እኔ ፈርቻለሁ። ምን ሊልሽ እንደሆነ አላውቅም። ግን ለገና ነይ።

አባትሽ ከፈለኝ


ጅማ
ጥር 9 ቀን 1990 ዓ.ም.

አባባ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ሚዛን ላይ መኪና አጥቼ አንድ ቀን ውዬ ነበር እንጂ ሌላ ችግር አልገጠመኝም።

በገና ማግስት ከጋሽ ማቴዎስ ጋር ስውል አንተ አጥሩ ውጭ ቆመህ ቀረህ። ማታ «ምን አለሽ?» አልከኝ፤ «ደክሞኛል» አልኩህ። መኪናው ላይ ስወጣ ደግመህ ጠየቅከኝ። ፊትህ ቆሜ መናገር አቅቶኝ ነው። አሁን ልጻፈው።

አምስቱን ቡናዎች አልነቀሏቸውም ነበር። ዙሪያቸውን በሾህ አጥረው፣ ማንም እንዳይነካቸው አድርገው አቆይተዋቸዋል። መቆፈሪያ ሰጡኝና «የጀመርሽውን ጨርሺ» አሉኝ። ቆፈርኩ። የመጀመሪያው ሥር ረዥም ነበር፣ አልነቃነቅ አለኝ። ሲያዩኝ ቆይተው መጥተው በሌላው በኩል ቆፈሩ። እየቆፈርን ነው የጠየቁኝ።

«ሕመሙ ሲገባ ዛፉ ያውቃል?»

«አያውቅም ጋሼ። ግን ይከላከላል። ቱቦውን ራሱ እየዘጋ ሻጋታው እንዳያልፍ ለማገድ ይሞክራል። ሲዘጋ ደግሞ ውሃውም ይቀርበታል።»

«ራሱን ያንቃል ማለት ነው።»

«እንደዚያ ነው።»

«ሦስቱስ? ደህና የሚመስሉት?»

«አላውቅም» አልኳቸው።

«አላውቅም ማለት ይሻላል» አሉኝ። «ያኔም እንዲህ ብትዪኝ ጥሩ ነበር።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አምስቱንም እዚያው አቃጠልናቸው። እርጥብ ስለነበሩ እሳቱ አልያዝ ብሎ ብዙ አስቸገረን። እትዬ ዲቦራ ምሳ አምጥተውልን አመዱ አጠገብ ተቀምጠን በላን። ያን ጊዜ ደፍሬ ስለ አንተ ጠየቅኋቸው። የመለሱልኝን እንዳለ እጽፍልሃለሁ።

«ጣቢያ ውስጥ ፖሊሱ ሲጠይቀኝ በቤንችኛ አስቤ ወደ አማርኛ እስካመጣው ድረስ ይሰለቸኛል፣ ሌላ ጥያቄ ይጠይቀኛል። ከዚያ ዝም አልኩ። አባትሽ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ምን ለማለት እንደፈለግሁ እሱ ያውቃል። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ አውርቷል። ሳልጨርስ የሚገባው እሱ ብቻ ነው። ዝም ብሎ አየኝ።»

ከዚያ እጃቸውን ታጠቡና «አንቺን ጨርሻለሁ። አባትሽን ግን ገና አልጨረስኩም» አሉኝ።

ይህ ነው ያሉኝ። ምን እንደምታደርግ አላውቅም፤ እኔ የምመክርህ ነገር የለኝም። ጠዋት ጠዋት ሲያልፉ ሰላም በላቸው። ባይመልሱልህም በላቸው።

ስለ ራሴ ጠይቀሃል። ትምህርቱን እተዋለሁ ብዬ ለጋሽ ይሄይስ ነግሬያቸው ነበር። «ስንት ዛፍ ገደልሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እኔ ከዚያ በላይ ገድያለሁ፣ ቀጥይ» አሉኝ። ስለዚህ እየቀጠልኩ ነው። ግን መጋዝ በያዝኩ ቁጥር ሁለት ጊዜ በእሳት አሳልፈዋለሁ።

ንጋቷ


ሸዋ ቤንች
ሚያዝያ 21 ቀን 1990 ዓ.ም.

ልጄ ንጋቷ፣

ሁለት ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሳልመልስልሽ የቆየሁት የምጽፈው አጥቼ ነው። በየደብዳቤሽ «አናገሩህ?» ትዪኛለሽ፤ አይ ብሎ መጻፍ ሰለቸኝ። በየጠዋቱ ሰላም እለዋለሁ። ራሱን እንኳ አይነቀንቅም፤ ያልፋል። እናትሽ ከዲቦራ ጋር እንደ ድሮው ናቸው። ለሚርያም ሠርግ እሷ ሄዳ እኔ ቤት ቀረሁ፤ አልተጠራሁም።

ታችኛው ማሳ ባዶ ነው። አርባ ሦስት ነቅለን አቃጥለናል። በቆሎ ዘርቼበታለሁ። አሁን ጉልበት ደርሷል፤ ሳየው እሷ እንኳን መቼ እንደምትሞት ይታወቃል እላለሁ። ስለ ቀሩት ቡናዎች ግን በየቀኑ እፈራለሁ። ጠዋት ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የማየው ቅጠላቸውን ነው። ቢጫ ባየሁ ቁጥር ቀርቤ አገላብጬ አያታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያረጀች ቅጠል ብቻ ሆና ትገኛለች፤ ያላትን መልሳ የምትወርደዋ።

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ካባራ በኋላ ላይኛው ማሳ ላይ ሆኜ አረም እነቅል ነበር። ማቴዎስ በመንገዱ መጣ። እንደልማዴ «ደህና አደርክ?» አልኩት። ሊያልፍ እንደሆነ አውቄ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። እግሩ ሲቆም ሰማሁ።

«ከፈለኝ» አለ።

ቀና አልኩ።

«ከኋላህ፣ ከዋንዛው ሥር አንዷ ይዟታል። ሦስት ቀን ሆናት። ጫፏ ጠቁሯል።»

እዚያ በኩል ደህና ነው ብዬ ሳላየው ቆይቻለሁ። ከአምስት ወር በኋላ የነገረኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ደስ ይበለኝ ወይስ ልጩህ አላወቅሁም። «ልያት» ብዬ ሄድኩ፣ እሱም ተከተለኝ። ፋቅኳት፤ ይዟታል። በ1960 ከሰጠኝ አንዷ ናት፤ እሱም አውቋታል።

መቆፈሪያውን በእሳት አሳልፌ ስመለስ እሱ ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ከሥሯ ላይ እየገፋ ነበር። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ቆፈርን። ስናነሣት ከባድ ነበረች፤ ለብቻዬ አልችላትም ነበር።

ሲሄድ «ነገም በዚህ በኩል እይ፤ አንድ ብቻ አትሆንም» አለኝ። «አብረን እንይ» አልኩት። ሥሯን የቆረጠበትን ገጀራውን ከመቆፈሪያዬ አጠገብ ትቶት ሄዷል።

አባትሽ ከፈለኝ